የባቡር ክበብ፦ ከበረዶ ጋር የታገልንበት ዓመት

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የባቡር ክበብ ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ተነሳ። በረዶ ባቡርን የሚያስቆመው እንዴት ነው? ልጆቻችን ተወልደው ያደጉት ስዊዘርላንድ ስለሆነ በረዶ ብርቃቸው አይደለም። ባቡሩም በክረምት በሰዓቱ ከች ሲል ማየት ለምደዋል። ከጀርባው ያለውን ልፋት ግን የሚያሳያቸው ሰው አላገኙም ነበር።

ሥራችንን የጀመርነው አንድ ወላጅ በፈቀዱልን ጓሮ ነው። እዚያ የዘረጋነው ሐዲድ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ባቡሮቹ ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ያንሳሉ። ሁለቱን ቁጥሮች ስናባዛ አንድ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህ የግራውቡንደን ተራሮችን የሚያቋርጠው የሬቲያን ባቡር ሐዲድ ስፋት ነው። የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲድም አንድ ሜትር ነበር። የዚያን መስመር ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1894 ከዐፄ ምኒልክ የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግም እዚሁ ዙሪክ የተማረ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ወዲያው ካርታ ካልወጣ አሉ። ትምህርቱ በዚያ ቀን ወደ ታሪክ ዞረ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተከተልኳቸው።

ጓሮው ላይ በረዶ ሲወርድ እውነተኛው ሥራ መጣ። ሃያ ሳንቲ ሜትር በረዶ ለትንሿ ባቡር አራት ሜትር ተኩል ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ራሳቸው አስልተው ጮኹ። ቀጥለው ክብደት አሰሉ። ሃምሳ ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ በርዝመት፣ በስፋትና በቁመት 22.5 ጊዜ ሲያንስ የሚቀረው 4.4 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ባቡሩ እንዲህ ይቀላል፤ በረዶው ግን አብሮ አያንስም። ቅንጣቱ ያው ነው፣ መጣበቁም ያው ነው። ስለዚህ ትንሿ ባቡር በረዶ ላይ ከእውነተኛው የበለጠ ትቸገራለች። ከአሉሚኒየም ቆርጠን የሠራንላት መጥረጊያ ደረቅ በረዶ ሲሆን አንደኛ ነበር። እርጥብ በረዶ ሲሆን ግን መጥረጊያው እየወጣበት ሎኮሞቲቯን ከሐዲድ ያነሳታል። መፍትሔው እርሳስ ብረት ጭኖ ማክበድ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረን የሐዲድ መቀየሪያው ነው፤ ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያዞረው ተንቀሳቃሽ ሐዲድ ማለቴ ነው። ሹል ጫፉ ዋናው ሐዲድ ላይ ልጥፍ ማለት አለበት። በመሃል አንድ ጣት የማይሞላ በረዶ ከገባ ተጨምቆ ይጠጥራል፤ ጫፉም አይገጥምም። በእውነተኛው ሐዲድ ላይ ጫፉ መግጠሙ ካልተረጋገጠ ምልክቱ ቀይ እንደሆነ ይቆያል፤ ባቡርም አያልፍም። ለጥያቄያችን ትልቁን መልስ ያገኘነው እዚህ ነው። የባቡር ሰዎችን እንቅልፍ የሚነሳው የበረዶ ክምር ብቻ አይደለም፤ ክፍተት ውስጥ የገባ እፍኝ በረዶም ጭምር ነው።

ጨው እንነስንስ ያሉ ነበሩ። ጨው ብረት ይበላል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በሐዲዱ ውስጥ የሚያልፈውን የምልክት ኤሌክትሪክ ሊያውክ ይችላል። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ የፀጉር ማድረቂያ ብናመጣስ?» አለች። ትልልቆቹ ሳቁ። ትክክለኛው መልስ ግን የእሷ ነበር። በስዊዘርላንድ መቀየሪያዎች ሥር በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ይገጠማል፤ በረዶ ሲመጣ ራሱ ይበራል። ይህችን ልጅ በዚህ መጽሔት ላይ ማመስገን እፈልጋለሁ።

በየካቲት ከሳን ሞሪትዝ ተነስተን የበርኒናን መስመር ተጓዝን። ሙሉው መስመር እ.ኤ.አ. በ1910 ተከፍቶ እስከ ጣሊያኗ ቲራኖ ይዘልቃል። ባቡሩ ያለ ጥርስ ሐዲድ (የባቡሩ ጥርስ እየነከሰው የሚወጣበት መሃል ላይ ያለ ሐዲድ)፣ በጎማው መያዝ ብቻ፣ በየሺህ ሜትሩ እስከ 70 ሜትር ይወጣል። ጎማው ማለቴ ብረት በብረት ላይ ነው። ሲንሸራተት ከፊቱ አሸዋ ይረጫል። ኦስፒዚዮ በርኒና የተባለው ጣቢያ፣ 2,253 ሜትር ከፍታ ላይ ስንደርስ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ የሚታየው የበረዶ ግድግዳ ብቻ ነበር። ልጆቹ እዚያ የገባቸው ነገር አለ። በረዶን ወደ ጎን የሚገፋ መጥረጊያ ጎኑ ሲሞላ የሚገፋበት ቦታ ያጣል። ያኔ በሚሽከረከር ምላጭ በረዶውን እየፈጨ ሩቅ የሚወረውር ማሽን ያስፈልጋል። ለዚህ መስመር በ1910 የተሠራው እንዲህ ያለ ማሽን በእንፋሎት የሚሠራ ነው፤ ራሱን ችሎም ይሄዳል። መስመሩ ኤሌክትሪክ ሆኖ ሳለ ለምን እንፋሎት? ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ እንኳ ማሽኑ ሥራውን ይቀጥላል። ልጆቹ ለዚህ አሮጌ ማሽን ያደረባቸው ፍቅር ልዩ ነው።

ሌሎች ታሪኮችንም አንብበናል። በጃንዋሪ 1952 ካሊፎርኒያ ዶነር ፓስ ላይ 226 ሰዎች የያዘ ባቡር በበረዶ ተውጦ ተሳፋሪዎቹ እስኪወጡ ሦስት ቀን ፈጅቷል። ክፍሉን ያከራከረው ግን የዲሴምበር 2009ኙ ነው። አምስት የዩሮስታር ባቡሮች ከ2,000 በላይ መንገደኞች ይዘው በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ከባሕር በታች ባለው ዋሻ ውስጥ ቆሙ። ዱቄት የመሰለ በረዶ ወደ ሞተሮቹ ክፍል ገብቶ ነበር፤ ባቡሮቹ ሞቃቱ ዋሻ ውስጥ ሲገቡ ቀልጦ የኤሌክትሪክ ዕቃውን አበላሸ። ብርዱ ሳይሆን ሙቀቱ አስቆማቸው ማለት ነው።

ከእንግዶቻችን ሁሉ በልጆቹ ልብ የቀሩት የአንዷ ተማሪ አያት ናቸው። ድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የሠሩ አባት ናቸው። በረዶ ላይ ባቡር አልነዱም። ግን በበረሃው ሙቀት ሐዲድ እንዴት እንደሚለጠጥ፣ በሐዲዶቹ መጋጠሚያ የሚተወው ክፍተት ቀትር ላይ እንዴት እንደሚጠብ ነገሩን። አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ በ30 ዲግሪ ልዩነት 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል ወይም ያጥራል። እዚያ ሙቀቱ ያጣምመዋል፤ እዚህ ተበይዶ የተያያዘውን ሐዲድ ብርዱ ወጥሮ ሊሰነጥቀው ይችላል። ልጆቹ «አባባ» እያሉ በጥያቄ አላስወጣቸው አሉ፤ ሻይው ቀዘቀዘ።

ለሚቀጥለው ዓመት ልናስተካክለው የሚገባ አንድ ትልቅ ችግር አለብን። ትንሿ ሎኮሞቲቭ ኤሌክትሪኩን የምታገኘው ከሐዲዱ ነው፤ ሐዲዱ ስስ በረዶ ሲለብስ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ስለዚህ ከኋላዋ ባትሪ የጫነ ፉርጎ እንቀጥላለን። የሚሽከረከረውን በረዶ ጠራጊም በትንሹ ለመሥራት ንድፉ አልቋል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሞተር ቤታችሁ ያላችሁ ወላጆች ብትሰጡን ትልቅ ውለታ ነው። አዲስ ተማሪዎች ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ መመዝገብ ይችላሉ፤ ጓንትና ውሃ የማያስገባ ጫማ ግን ግድ ነው።