ልጆቹ ተጠርተዋል፣ ዕቃው ግን ረጥቧል፦ የነርሶች ቡድናችን የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ አባላትና ወዳጆች፣

የመጋዘናችን ጣሪያ ማፍሰሱን ሰምታችኋል። ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ ለተወለዱ ሕፃናት ባሕር ማዶ ለሚደረገው ቀዶ ሕክምና ያዘጋጀነው ዕቃ አብዛኛው ረጥቧል። «አድርቃችሁ ተጠቀሙበት» ያላችሁን አላችሁ። አይሆንም። ከጀርም የጸዳ እሽግ አንዴ ውኃ ከነካው የጸዳ አይባልም። እርጥበቱ ጀርሙን በወረቀቱ አሳልፎ ያስገባል፤ ቢደርቅም ያው ነው። ያንን ጋውን ለብሰን፣ ያንን ጓንት አጥልቀን ሕፃን ልጅ አጠገብ አንቆምም።

መዋጮው ከዚያ ወዲህ ቀዝቅዟል። ይገባናል፤ ደጋግመን አስቸግረናችኋል፣ እኛም ደክሞናል። ግን ልጆቹ ተመርምረዋል። ለወላጆቻቸውም ቀን ተነግሯቸዋል።

በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ ይወለዳል። ላንቃው ክፍት የሆነ ሕፃን ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ወተቱም በአፍንጫው ይመለሳል። ከንፈሩ ከ3 ወር ገደማ ጀምሮ ሊሰፋ ይችላል። ላንቃው ግን አፍ ሳይፈታ፣ ዓመት ገደማ ላይ ቢሠራ ይመረጣል። ከዘገየ ንግግሩን ማጥራት ይከብደዋል። ጉዞውን ወደፊት መግፋት ያልፈለግነው ለዚህ ነው።

«ሐኪሙም ነርሷም በነፃ ከሄዱ ገንዘቡ ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል። ነርሶቻችን ደመወዝ አይወስዱም፤ የሚሄዱት በዓመት ፈቃዳቸው ነው። ወጪው ሥራው ላይ ነው። ነርሷ ጠዋት ልጁን ትመዝናለች፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው በኪሎው ነው። ትኩሳት ወይም ሳል ካለው ታስቀረዋለች፣ እናቱ እያለቀሰችም ቢሆን። መጾሙን ታጣራለች፦ ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ከንጹህ ውኃ 2 ሰዓት።

ከባዱ ግን ልጁ ከኦፕራሲዮን ሲወጣ ነው። የላንቃ ስፌት ሊደማ፣ ምላስ ሊያብጥ ይችላል፤ የሕፃን የአየር መተላለፊያ ደግሞ ጠባብ ነው። ኦክስጅን ሲያጥረው እንደ ትልቅ ሰው ጊዜ አይሰጥም። ነርሷ ዓይኗን ሳትነቅል አጠገቡ ትቀመጣለች። ጣቱ ላይ የተሰካችው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ ቀድማ ትጮኻለች።

ላለፈው ጉዞ መለኪያዎቹን ስንገዛ «ውድ ነው» ተብለን ተወቅሰናል። ዛሬም ብንሆን እንገዛቸዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር፣ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት መለኪያው ልጁ ላይ መሰካቱና መሥራቱ ይረጋገጥ ይላል። ስንመለስም ይዘናቸው አልመጣንም። አብረውን ለሠሩት የሆስፒታሉ ነርሶች ሰጥተናል፣ አጠቃቀሙንም አሳይተናል። እኛ ከሄድን በኋላ የሚደማ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ያኔ የሚያድነው እነሱ እጅ ላይ ያለው መሣሪያ ነው። ደረሰኙ ሁሉ አለ፣ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።

አሁን የሚያስፈልገን ጋውን፣ ጓንት፣ የስፌት ክር፣ ለሕፃን የሚሆን የአየር ቱቦ፣ ተጨማሪ መለኪያዎች፣ እንዲሁም ልጆቹ ስፌታቸውን እንዳይነኩ ክርናቸው ላይ የሚታሰር መደገፊያ ነው። ከመካከላችን አሥራት የሚያወጣ አለ፣ ዘካ የሚያወጣ አለ፤ እምነት የሌለውም ቢሆን ለማያውቀው ልጅ የሚራራ ልብ አለው። የዘንድሮውን ለእነዚህ ልጆች አስቡልን። ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። አንድ ጥንድ ጓንትም ይቆጠራል።

ገንዘቡን በኮሚቴው የባንክ ሂሳብ ብቻ አስገቡ። ቁጥሩ ከዚህ ጥሪ ጋር በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ አለ። ምክንያት በሚለው ቦታ «የነርሶች ጉዞ» ብላችሁ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ከአባልነት መዋጮ ጋር ይቀላቀልብናል። በማንም ግለሰብ ሂሳብ አትላኩ፣ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም። ደረሰኙን ለገንዘብ ያዣችን አሳዩ። አደራ፦ የኮሚቴው ሂሳብ ብቻ፣ ምክንያቱ «የነርሶች ጉዞ»። ዕቃው ታዝዞ እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ ከቻላችሁ በዚህ ሳምንት አስገቡ።

ኮሚቴው