የዮሴፍን ታሪክ በሥዕል ለማሳተም የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የባሕር ዳርና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ከከተማዋ ርቃችሁ የምትኖሩ ልጆቿም፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ነገሩን ሳናንዛዛ እንንገራችሁ። በባሕር ዳር የምንኖር ጥቂት ሠዓሊዎችና የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ነን። በኦሪት ዘፍጥረት ያለውን የዮሴፍን ታሪክ ለአፍላ ወጣቶች በኮሚክ እየሠራን ነው። መጽሐፉ 96 ገጽ ነው። ንድፉ አልቋል፤ ቀለም መቀባቱ ተጋምሷል። የቸገረን የማሳተሚያው ገንዘብ ነው።

ለምን ዮሴፍ? ታሪኩ ሲጀምር ልጁ 17 ዓመቱ ነው። አባቱ አብልጦ ይወደዋል፣ ወንድሞቹ ዓይንህን ለአፈር ይሉታል። ተሽጦ ግብፅ ይወርዳል፣ ባልሠራው ወንጀል ይታሰራል። ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሞልቶታል። በመሃል ያሉት 13 ዓመታት ስብከት ላይ ቶሎ ይታለፋሉ። እኛ ግን ብዙውን ገጽ የሰጠነው ለእነሱ ነው። “ተምሬስ ምን ላገኝ?” የሚል የአሥረኛ ክፍል ልጅ ከሹመቱ ይልቅ እስር ቤቱ ይገባዋል።

“ቅዱስ መጽሐፍ እንዴት ኮሚክ ይሆናል?” ያሉን አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማየት ግን ጀልባ ይዞ ዘጌ መሻገር ይበቃል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ መቅደሱን ዙሩት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ታሪክ ነው፤ አንዱ ሥዕል ሌላውን እየተከተለ ይሄዳል። ፊደል ያልቆጠረውም ሰው እየዞረ ሲማርበት ኖሯል። እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም እንዲሁ ናት። በዚህ አሳሳል ጻድቃን ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎች በጎን ስለሚሳሉ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው።

ይህን ልማድ ወስደን ሠራንበት። ወንድሞቹ ዮሴፍን ጉድጓድ ጥለው እንጀራ ሊበሉ ሲቀመጡ ሁሉም በጎን ናቸው። ሮቤል ላይ ብዙ ተከራክረናል፤ ሊያድነው አስቦ ነበርና። ኋላ ፊቱን ትንሽ ዞር አድርገን ተስማማን። ከዓመታት በኋላ የዮሴፍ የብር ጽዋ በታናሽ ወንድማቸው በብንያም ስልቻ ተገኘ። ያኔ ይሁዳ ወጥቶ በልጁ ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን ይላል። በዚያ ገጽ ላይ አንድም ጽሑፍ የለም። የይሁዳ ፊት ብቻ ነው፣ ከነሁለት ዓይኑ። ረቂቁን ያሳየናት አንዲት ተማሪ፣ ማንም ምንም ሳይላት፣ “እንዴ፣ ዞረ!” አለች።

ጽሑፉን የመጻሕፍት መምህራን እያዩልን ነው። እነሱ ያላሳለፉት ገጽ አይታተምም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ወረቀት የዛሬና የነገ ዋጋው አንድ አይደለም። ባለቀለም ኅትመት ደግሞ ለአራቱ ቀለማት አራት ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ይፈልጋል፤ የፕሌቱ ወጪ 100 ቅጂ ቢታተምም 1,000 ቢታተምም ያው ነው። ስለዚህ 1,000 ለማሳተም አስበናል። በጥቁርና ነጭ አድርጉት፣ ይረክሳል ተብለናል። እውነት ነው፣ ይረክሳል። ግን የጣና ገዳማትን ሥዕሎች ቀይና ቢጫ አውጥተን ምን ልንሰጣቸው ነው? 400ው በዘጌና በደሴቶቹ ላሉ ልጆች በነጻ ይታደላል። የቀረው በወጪው ልክ ተሽጦ ገንዘቡ ለሚቀጥለው መጽሐፍ ይውላል፤ እሱም ዮናስ ነው፣ ለጾመ ነነዌ እንዲደርስ።

የቻለ የሃያ ልጅ፣ ያልቻለ የአንድ ልጅ መጽሐፍ ይቻል። ዕድሮችና የጽዋ ማኅበራትም ብታስቡን ደስ ይለናል። ገንዘብ ከሌላችሁ፣ ቤት የተቀመጠ ስካነር ካለ ለሁለት ወር አውሱን። የባንክ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው፤ ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ አለው። ስትሰጡ የክርስትና ስማችሁን መንገር አትርሱ፤ የረዱን ሰዎች ስም በመጨረሻው ገጽ ይታተማል። የገና በዓል ሳይደርስ ማተሚያ ቤት ማስገባት እንፈልጋለን።