ቫዮሊኔን ይዛችሁልኝ ለቆያችሁ ሁሉ

ውድ ወዳጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከ14 ወር በኋላ መድረክ ላይ ወጣሁ። የቤትሆቨንን የቫዮሊን ኮንቸርቶ፣ አንድ ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተውን ረጅም ሥራ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስልኬ በመልእክት ተጥለቅልቋል። ለእያንዳንዳችሁ ልመልስ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ግን አልዘለቅኩትም። ስለዚህ ሁላችሁንም እዚሁ ላመስግን።

ብዙዎቻችሁ «ምን ሆነሽ ነው የጠፋሽው?» ብላችሁኛል። ነገሩ የጀመረው በግራ እጄ ትንሿ ጣት ነው። ከልምምድ በኋላ ትደነዝዛለች፣ ትንሽ ቆይቶ ይለቃታል። ለማንም አልተናገርኩም። እኛ ሙዚቀኞች ሕመም መደበቅ እናውቅበታለን። «እጇን አሟታል» ከተባለ ሥራ የሚቀርብን ይመስለናል። ከ7 ዓመቴ ጀምሮ ቫዮሊን ይዤ ነው የኖርኩት፤ ሌላ ሙያ የለኝም። እናም ፈራሁ።

ከዚያ አንድ ማታ፣ ኮንሰርት መሃል፣ ጣቷ ክሩ ላይ መውረዷን ማወቅ አቃተኝ። በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። ቫዮሊን እንደ ጊታር አንገቱ ላይ ለጣት ምልክት የሚሆን ብረት የለውም። ጣት ቦታዋን የምታገኘው በስሜትና በጆሮ ነው፤ በትንሹ ከሳተች ድምፁ ይበላሻል። ያን ማታ እንደምንም ጨረስኩና መልበሻ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

የክርን ነርቭ ነበር። ክርናችን ጠርዝ ሲመታው እስከ ትንሿ ጣታችን የሚነዝረን እሱ ነርቭ። የቫዮሊን ተጫዋች ግራ ክንድ በቀን ለብዙ ሰዓት ታጥፎ ይውላል፤ ነርቩም ክርን ላይ በሚያልፍባት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይወጠራል፣ ይጨመቃል። ቀዶ ጥገና ያደረጉልኝ ዶክተር ከሁሉ በፊት «ቫዮሊንሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ምርመራ ክፍላቸው ውስጥ አስጫወቱኝ። ክንዴ እንዴት እንደሚታጠፍ ከፊት አዩ፣ ከኋላ ዞረው አዩ። ዶክተር፣ የዚያን ቀን ነው ተስፋ ያደረግኩት። እጅዎ ይባረክ።

ፊዚዮቴራፒ የሰራሽልኝ እህቴ፣ አንቺን እንዴት ላመስግንሽ? «የተጎዳ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው» ያልሽኝ ቀን ተናድጄብሽ ነበር። ቤት ገብቼ ከክርኔ እስከ ጣቴ በማስመሪያ ለካሁ። ወራትን ቆጠርኩ። ስበሳጭ ታግሰሽኛል፣ ስቀር ደውለሽ አምጥተሽኛል። ትንሿ ጣቴ መጀመሪያ የቀዘቀዘ ነገር የለየችው አንቺ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለታችንም ጮኽን።

ቫዮሊኔን የሚጠግነው ወንድሜም አለ። ቫዮሊን ውስጥ ከውጭ የማትታይ ቀጭን የእንጨት ምሰሶ አለች። በሙጫ አልተጣበቀችም። በፊተኛውና በኋለኛው እንጨት መካከል ተጨምቃ ነው የቆመችው። ትንሽ ፈቀቅ ካለች የመሣሪያው ድምፅ ሌላ ይሆናል። በፈረንሳይኛም በጣልያንኛም ስሟ «ነፍስ» ነው። እኔ ሳጥኑን መክፈት ያስጠላኝ በነበረ ጊዜ ይህ ሰው በየሁለት ወሩ ቤቴ ይመጣ ነበር። ክር ይቀይራል፣ ነፍሷን ያያል፣ ራሱ ትንሽ ይጫወትበታል። ሒሳብ ስጠይቀው «መድረክ ላይ ስትወጪ ትከፍይኛለሽ» ይለኛል። ቅዳሜ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሳየው ልቤ ሞላ።

ለኦርኬስትራው አባላት በሙሉ፦ የኮንሰርቱን ቀን ሁለት ጊዜ አራዝማችሁልኛል። አንድም ሰው ፊቱን አላጠቆረብኝም። በኔ ቦታ ገብታ የተጫወተችው ባልደረባዬ ከእያንዳንዱ ኮንሰርት ማግስት ትደውልልኝ ነበር። ስለ ራሷ ጭብጨባ አንድ ቀን አላወራችም። «ቦታሽ አለ» ብቻ ነው የምትለኝ። ባለቤቴና ልጄ፣ እናንተን ቤት ውስጥ አመሰግናችኋለሁ፤ እዚህ ከጀመርኩ አልጨርስም።

ጎረቤቴ እማማ፣ እርስዎንም አልረሳም። እንደገና ስጀምር የተማሪ መልመጃ ነበር የምጫወተው። ክሮይትዘር የሚባል ቫዮሊኒስት ለተማሪዎች ከጻፋቸው 42 መልመጃዎች ሁለተኛውን፣ በጣም ዝግ አድርጌ፣ ለወራት። ግድግዳው ስስ ነው፤ ምን ያህል እንደሰለችዎት አውቃለሁ። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ ሳልለማመድ ስቀር በሬን አንኳኩተው «ዛሬ ምነው ጸጥ አልሽ? አሞሽ ነው?» አሉኝ። እርስዎ ሲሄዱ ቫዮሊኑን አነሳሁ።

ከሥራዎች ሁሉ የቤትሆቨንን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቫዮሊኒስቱ ፍራንዝ ክሌመንት እ.ኤ.አ. በ1806 ቪየና ላይ መጀመሪያ ሲጫወተው ብዙም አልተወደደም። ለአሥርተ ዓመታት የሚጫወተው ሰው ከስንት አንዴ ነበር። በ1844 ለንደን ላይ፣ የሙዚቃ ደራሲው ሜንደልሶን ኦርኬስትራውን እየመራ፣ ዮሴፍ ዮአኪም የሚባል የ12 ዓመት ልጅ አነሳው። ዛሬ እሱን የማይጫወት ሶሎይስት፣ ከኦርኬስትራ ፊት ለብቻው የሚጫወት ቫዮሊኒስት፣ የለም ማለት ይቻላል። ያን ያህል ዓመት የጠበቀ ሥራ ለኔ ከበሽታዬ ጋር የሚያወራ መሰለኝ።

መምህሬን ለመጨረሻ ያስቀመጥኳቸው አውቄ ነው። ከ80 ዓመት በላይ ናቸው። ክንዴ ገና በማሰሪያ ታስሮ ሳለ ቤቴ መጡ። «ቀኝ እጅሽ ጤነኛ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ቫዮሊኑን አገጬ ስር አስገቡልኝ። ከጎኔ ወንበር ስበው ተቀመጡና አንገቱን በእጃቸው ደግፈው ያዙልኝ። «ሳቢ» አሉኝ። ደጋኑን ሳብኩ። አራቱን ባዶ ክሮች፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። ሌላ ምንም የለም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለ6 ሳምንት እንዲህ አደረጉ። የእጃቸው መንቀጥቀጥ በእንጨቱ አልፎ አገጬ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ደክሟቸው እንደሆነ ስጠይቅ «ረጅም ሳቢ፣ ደጋኑን አትቁረጪ» ነው መልሳቸው።

ኮንቸርቶው በቲምፓኒ፣ በኦርኬስትራው ትልልቅ ከበሮዎች፣ ምት ይጀምራል፣ በቀስታ። ከዚያ ሶሎይስቷ እስክትገባ ድረስ 88 ባር (የሙዚቃ ምት ክፍል) አለ፤ ሦስት ደቂቃ ገደማ ዝም ብሎ መቆም ነው። ያኔ ነው ፍርሃት የሚገባው። ትንሿ ጣቴን ነካኋት። ትሰማለች። ቀና ስል መምህሬን አየኋቸው። ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ትንሽ ከፍ አድርገው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው፣ የሆነ ነገር ደግፈው እንደያዙ ተቀምጠዋል። ሌላ ሰው ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔ አወቅኩ፤ ደጋኔን አነሳሁና ገባሁ።

መምህሬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ማክሰኞ በተለመደው ሰዓት እመጣለሁ።