ቁልፉ በኪሱ እያለ ለምን አንኳኳ?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደኅና ነኝ። የላክሽልኝን የአጭር ልብ ወለድ ትንተና ሁለት ጊዜ፣ አብሮት የመጣውን ታሪክ ደግሞ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መምህርሽ በኅዳጉ ላይ «ይህ ማጠቃለያ እንጂ ትንተና አይደለም» ብለው መጻፋቸው እንዳስከፋሽ ከድምፅሽ ገብቶኛል። ቅር አይበልሽና አስተያየታቸው ትክክል ነው፤ ሆኖም እንዴት እንደሚታረም በአንድ መስመር ቀይ ቀለም ማሳየት ስለማይቻል፣ እኔ ረጋ ብዬ ላሳይሽ ብዬ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ።

የጻፍሽውን ላስታውስሽ። «አንድ ሰው ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ከቤት ይወጣል። ከ11 ዓመት በኋላ አባቱ ሲሞቱ ቤቱን ለመሸጥ ይመለሳል። ጎረቤቲቱ አባቱ ይወዱት እንደነበር ትነግረዋለች። በመጨረሻም ቤቱን ሸጦ ይሄዳል። የታሪኩ ጭብጥ የአባትና የልጅ ፍቅር ነው።» ከዚህ ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድም ዐረፍተ ነገር የለም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ታሪኩን ጨርሶ ያላነበበ ሰው ካነበበ ጓደኛው ሰምቶ ይህንኑ ቃል በቃል ሊጽፈው ይችላል።

ታሪኩ በጠቡ አይጀምርም። የሚጀምረው ደጃፍ ላይ ነው። ሰውየው ሻንጣውን አስቀምጦ ያንኳኳል፤ ይጠብቃል፤ ደግሞ ያንኳኳል፤ ከዚያ በኋላ ነው እጁን ወደ ኪሱ ሰድዶ ከመዳበስ ብዛት የለሰለሰ ቁልፍ አውጥቶ የሚከፍተው። አባትየው ከሞቱ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ቤቱ ባዶ መሆኑን እሱም ያውቃል። ጠቡን የምናየው በአምስተኛው ገጽ ላይ፣ በምልሰት፣ ማለትም ትረካው ወደ ኋላ ተመልሶ ነው፤ እዚያም ላይ ልጁ ቁልፍ አውጥቶ ከአባቱ እግር ሥር ወርውሮ ሲወጣ እናያለን። እዚህ ጋ ስትደርሺ ቆም ብለሽ ወደ መጀመሪያው ገጽ መመለስ ነበረብሽ። ቁልፉን ያን ጊዜ ከወረወረው፣ ዛሬ በሩን የከፈተበት ከየት መጣ? መልሱ በሰባተኛው ገጽ ላይ ነው። ጎረቤቲቱ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ የተሰቀለ ቁልፍ ታሳየዋለች፤ ያን ዕለት የተወረወረው የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እንደነበር፣ አባትየው ከወለሉ ሲያነሡት ወዲያው እንዳወቁት፣ የበሩንም ቁልፍ ሳያስቀይሩ 11 ዓመት እንደቆዩ ትነግረዋለች። ሰውየው አንድም ቃል አይናገርም፤ ቁልፉን ከምስማሩ አውርዶ ኪሱ ይከተዋል።

አንቺ ይህን ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል ደረደርሽው፤ ጠቡ መጀመሪያ፣ ሞቱ ቀጥሎ፣ ሽያጩ መጨረሻ። ይህን ስታደርጊ ደራሲው ሆን ብሎ ያጠማዘዘውን መንገድ አቃናሽው፤ መንገዱ ሲቃና ጥያቄው ጠፋ። ታሪክና ሴራ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 እ.ኤ.አ. ስለ ልብ ወለድ ባሳተመው መጽሐፉ ልዩነቱን በአጭር ምሳሌ አሳይቶታል፤ ንጉሡ ሞተ፣ ከዚያም ንግሥቲቱ ሞተች ቢባል ታሪክ ነው፤ ንጉሡ ሞተ፣ ንግሥቲቱም ከኀዘን የተነሣ ሞተች ቢባል ግን ሴራ ነው። በመጀመሪያው አንባቢው «ከዚያስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በሁለተኛው «ለምን?» ይላል። በነገራችን ላይ «ሴራ» የሚለውን ቃላችንን እወደዋለሁ። አንዳንዶች ክፉ ተንኮልን ስለሚያስታውስ «ትልም» የሚለውን ይመርጣሉ፤ እኔ ግን የሚያስታውሰው ነገር ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ሴራ የሚጎነጉን ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያወጣም፤ ማን ምን መቼ ይወቅ የሚለውን እየመጠነ ነው የሚሠራው። ደራሲም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሴራን ስትተነትኚ ስለ እያንዳንዱ ድርጊት መጠየቅ ያለብሽ ምን እንደሆነ ሳይሆን፣ ለምን በዚህ ቦታ እንደተነገረንና አንድ ገጽ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ምን እንደሚበላሽ ነው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ነገር በአንደኛው ገጽ ላይ ቢነገረን ኖሮ፣ ማንኳኳቱ ተራ ልማድ ሆኖ ያልፈን ነበር።

የሣልሽውንም ባለ ጫፍ ሥዕል አይቼዋለሁ፤ መነሻ፣ የግጭት መካረር፣ ጡዘት (ግጭቱ ጫፍ የሚደርስበት)፣ መርገብ፣ እልባት። ይህ አሣሣል ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍራይታግ በ1863 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ እሱ ያወጣውም ባለ አምስት ገቢር ተውኔትን ለማስረዳት ነበር። ለአጭር ልብ ወለድ መጠቀሙ ክልክል አይደለም፤ ግን ታሪኩን ከሥዕሉ ጋር ለማስማማት መጎተት የለብሽም። አንቺ ጡዘቱን ጠቡ ላይ አስቀመጥሽው፤ ጩኸት ስላለ ይመስለኛል። ያ ጠብ ታሪኩ ከመጀመሩ ከ11 ዓመት በፊት ያለቀ ነው። ለእኔ ጡዘቱ ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ ማንም ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ከምስማሩ ሥር ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ሰውየው ስለ አባቱ ያመነውን መልሶ ማመን አይችልም።

ወደ ገጸ ባሕሪው ልለፍ። ስለ ሰውየው የጻፍሽው «ግልፍተኛና ኩሩ ነው» የሚል ብቻ ነው። ቅጽል የትንተና መነሻ ሊሆን ይችላል፤ መድረሻ ግን አይሆንም። ገጸ ባሕሪን የምናውቀው ከሚያደርገው፣ ከሚናገረው፣ ሌሎች ስለሱ ከሚሉትና ተራኪው ከሚነግረን ነው፤ አራቱም ግን እኩል አይታመኑም። እዚህ ታሪክ ውስጥ ተራኪው በሦስተኛ መደብ እየተረከ ከሰውየው አጠገብ ሳይርቅ ይከተለዋል፤ ምን እንዳደረገ ይነግረናል፣ ለምን እንዳደረገው ግን አንድ ጊዜ እንኳ አይነግረንም። ጠቡ ላይ ያለችውን ዐረፍተ ነገር ተመልከቺያት፤ «በኪሱ ሁለት ቁልፎች ነበሩ፤ እጁ አንዱን አወጣ።» «መረጠ» አይልም፤ «ተሳሳተ»ም አይልም። ያወጣው እጁ ነው እንጂ እሱ አይደለም። አንድ ሰው እየወጣ ለመመለሻው የሚሆነውን ሲያስቀር፣ ያውም ይህን ማድረጉን ራሱ ይወቀው አይወቀው ሳይታወቅ፣ «ግልፍተኛ» የሚለው ቃል ምን ያህሉን ይሸፍነዋል? ግማሹን እንኳ አይሸፍነውም። አሜሪካዊው ሄንሪ ጄምስ በ1884 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጣጥፍ፣ ገጸ ባሕሪ ድርጊትን የሚወስን፣ ድርጊትም ገጸ ባሕሪን የሚገልጥ ስለሆነ ሁለቱን መነጣጠል ከንቱ መሆኑን ተከራክሯል። አርስቶትል ደግሞ ስለ ትራጄዲ ሲጽፍ ሴራን አስቀድሞ ገጸ ባሕሪን ያስከትላል። ማን ይበልጣል በሚለው ክርክር ገብተሽ ቀለም እንድታባክኚ አልፈልግም፤ እጁ ቁልፍ ሲያወጣ ሴራውም ሰውየውም በአንዲት ቅጽበት አብረው እንደሚታዩ ካየሽ ይበቃል።

አባትየውን ልብ ብለሽዋል? በአሁኑ ጊዜ ትረካ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አይታዩም። በምልሰቱ ውስጥ ጎንበስ ብለው ቁልፍ ሲያነሡ ብቻ እናያቸዋለን፤ የቀረውን ሁሉ የሰማነው ከጎረቤቲቱ ነው። አንቺ «አባቱ ይወዱት ነበር» ብለሽ እንደ ተረጋገጠ ነገር ጻፍሽው። ይህን ያለችው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ሟቹን የምታከብር፣ ልጁን ማጽናናት የምትፈልግ ሴት ናት። እኔ አምናታለሁ፤ የማምናት ግን ስለተናገረች ሳይሆን ምስማሩ ስለሚመሰክርላት ነው። ፎርስተር ገጸ ባሕርያትን በአንድ ጠባይ የሚገለጹ ዝርግና ብዙ ገጽታ ያላቸው ክብ ብሎ ሲከፍል፣ የክቡ መለኪያ አሳማኝ በሆነ መንገድ ሊያስደንቀን መቻሉ ነው ይላል። በዚህ መለኪያ፣ ሁለት መስመር ብቻ የተሰጣቸው አባት ደጋግመን ከምናየው የቤቱ ገዢ ይልቅ ክብ ናቸው። ገዢው ዝርግ ነው፤ ይህም ጉድለት አይደለም፤ ታሪኩ ከሱ የሚፈልገው ለምንም ነገር ትዝታ የሌለው ሰው እንዲሆን ነውና።

አሁን ከባዱን ላንሣ። «የአባትና የልጅ ፍቅር» ርዕሰ ጉዳይ ነው፤ ጭብጥ አይደለም። ጭብጥ የሚለው ቃል ከመጨበጥ የመጣ ነው፤ በእጅሽ የምትይዢው፣ ሌላ ሰው ደግሞ «አይ፣ ተሳስተሻል» ብሎ ሊያስለቅቅሽ የሚሞክረው ነገር መሆን አለበት። «ፍቅር» ብትዪ ማንም አይሟገትሽም፤ ስለዚህም ምንም አልተናገርሽም ማለት ነው። ታሪኩ ስለ ፍቅር ምን አለ? እኔ እንዲህ ባይ ነኝ፦ ይቅርታ ተደርጎ ሳለ ካልተነገረ፣ ከቂም ባልተናነሰ ያራርቃል። ልጁ ቁልፉን እያዳበሰ 11 ዓመት ይቆያል፤ አባትየው በሩን ሳያስቀይሩ 11 ዓመት ይጠብቃሉ፤ ሁለቱም ታርቀዋል፣ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ያ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚሰማው ማንኳኳት ከ11 ዓመት በፊት መሰማት የነበረበት ነው። በዚህ አባባል ባትስማሚ ደስ ይለኛል። ለምሳሌ፣ ጎረቤቲቱ ይህን ሁሉ እያወቀች ለልጁ አንዲት ቃል አለመላኳን ይዘሽ፣ ታሪኩ የሚወቅሰው ዝም ብለው የሚያዩትን ጭምር ነው ብትዪኝ መልስ ለማግኘት እቸገራለሁ። ብቻ የምትዪው ነገር ሁሉ ታሪኩ ውስጥ በጣት የሚጠቆም ቦታ ይኑረው።

ወደ ሌላው ጫፍም እንዳትሄጂ እሰጋለሁ። እኔ በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ፣ ምልክት ፍለጋ የሚባል አባዜ ይዞኝ፣ ስለ አንድ ልብ ወለድ ስጽፍ መጋረጃው ሰማያዊ መሆኑ ነፃነትን፣ ወንበሩ ሦስት እግር መሆኑ የተጓደለ ቤተሰብን ያመለክታል ብዬ ዘጠኝ ገጽ ሞልቼ ነበር። ያረመልኝ ሰው «ወንበሩ በሁለተኛው ምዕራፍ አራት እግር አለው» ብሎ ጻፈልኝ። ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል። ቁልፉ ምልክት ነው የምንለው ቁልፍ ስለሆነ አይደለም፤ ደራሲው አራት ጊዜ ስለመለሰው፣ በመለሰው ቁጥርም ትርጉሙን ስለቀየረው ነው። ሻንጣው አንድ ጊዜ ተጠቅሶ ቀርቷል፤ ሻንጣ ነው፣ ተዪው።

በሚቀጥለው ወር ረጅም ልብ ወለድ እንደሚሰጣችሁ ነግረሽኛል። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ በ1842 እ.ኤ.አ. ስለ አጭር ታሪክ ሲጽፍ፣ በአንድ ቁጭታ ተነቦ አንድ ወጥ ስሜት ማሳደር አለበት ብሎ ነበር፤ ስለዚህ እንደዚህ ባለ ስምንት ገጽ ጽሑፍ ውስጥ የመጀመሪያው ማንኳኳት እስከ መጨረሻው በጆሮሽ ይቆያል። በአራት መቶ ገጽ ውስጥ ግን በመጀመሪያው ምዕራፍ የነበረው ቁልፍ ይረሳሻል፤ ደራሲውም እንደምትረሺው ያውቃል። በዚህ ምክንያት በየምዕራፉ መጨረሻ አንዲት መስመር ጻፊ፤ የሆነውን ሳይሆን የተለወጠውን። ማን ምን ፈልጎ ገባ፣ ምን ፈልጎ ወጣ? ደግሞም ፍጥነቱን ተከታተይ። ደራሲ 11 ዓመትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊያልፍ፣ አንድን ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሠላሳ ገጽ ሊያጓትት ይችላል፤ የዘገየበት ቦታ የሚያስጨንቀው ቦታ ነው። ንዑሳን ገጸ ባሕርያትን አትናቂ፤ በረጅም ልብ ወለድ ውስጥ ይህችን የመሰለች ጎረቤት የራሷ ልጅ፣ የራሷ በር ይኖራት ነበር፣ የእሷም ታሪክ ለዋናው እንደ መስታወት ሆኖ ይቆም ነበር።

ትንተናሽን እንደገና ከመጻፍሽ በፊት ግን የመጨረሻውን ገጽ አብረሽኝ እንድታዪ እፈልጋለሁ፤ እኔም ያስተዋልኩት በሦስተኛው ንባብ ነው። ውሉ ተፈርሟል። ገዢው ገና ሳይገባ «የበሩን ቁልፍ ነገ አስቀይረዋለሁ» ይላል። ሰውየው «ምንም አልሆነም፣ ይሠራል» ሲል ይመልሳል፤ በሽያጩ ጉዳይ ሁሉ ከገዢው ጋር ያልተስማማበት ብቸኛ ቦታ ይህ ነው። ከዚያ ታሪኩ የሚያልቀው እንዲህ ነው፦ «ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ሰጠውና ወደ መንገዱ ወረደ።» «ቁልፉን» ይላል፤ አንድ። በኪሱ ያሉት ግን ከሰባተኛው ገጽ ጀምሮ እንደገና ሁለት ናቸው። የትኛውን እንደሰጠው ምን ይመስልሻል? አስረጂሽን ከነገጹ ጻፊልኝ፤ የእኔን መልስ ያንቺን ሳላነብ አልነግርሽም።

የምትወድሽ እናትሽ