የጣና ታርጋ ይውጣ ከተባለ መጀመሪያ የገንዘቡ መንገድ ይበጅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ለጣና መጠበቂያ የሚውል ገንዘብ በመኪና ታርጋ በኩል ይሰብሰብ የሚለውን ሐሳብ እንደግፋለን። ሐሳቡ በተነሳ ቁጥር ግን ወሬው ታርጋው ላይ ምን ይሳል ወደሚለው ይሮጣል፤ ታንኳ ይሁን፣ ፔሊካን ይሁን፣ የዘጌ ገዳም ይሁን እየተባለ። ሥዕሉ የመጨረሻው ሥራ ነው። ይህን አሠራር በሌላ አገር ያሳካውም ያበላሸውም ብሩ ከባለመኪናው ኪስ ወጥቶ ሥራው ቦታ እስኪደርስ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። ባለመኪናው ከመደበኛው ክፍያ በላይ በፈቃዱ ጭማሪ ይከፍላል። ከጭማሪው ጥቂቱ ለማምረቻና ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይቀራል፤ ሌላው በሕግ ስሙ ተጠርቶ ለተጻፈ ዓላማ ይሄዳል። በአሜሪካዋ ቴክሳስ ለፓርኮችና ለዱር እንስሳት የወጣውን ታርጋ የሚይዝ ሰው በዓመት 30 ዶላር ይጨምራል፤ 22ቱ ለዓላማው፣ 8ቱ ለአስተዳደር ነው። በቨርጂኒያ ጭማሪው 25 ዶላር ሆኖ 15ቱ ለዓላማው ይሄዳል፤ ይህ የሚጀምረው ግን የመጀመሪያዎቹ 1,000 ታርጋዎች ከተሸጡ በኋላ ነው። ካሊፎርኒያና ኔቫዳ የሚጋሩት የታሆ ሐይቅም በሁለቱም በኩል የራሱ ታርጋ አለው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የሜሪላንድ ታሪክ ነው። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ እንደ ጣና ሁሉ ችግሩ የሚመጣው ከዙሪያው እርሻ ነው፤ ደለልና ማዳበሪያ በወንዞች ታጥቦ ይገባበታል። ሜሪላንዶች ገንዘቡን የሚይዘውንና የሚያከፋፍለውን ተቋም በሕግ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የባሕረ ሰላጤው ታርጋ የወጣው በ1990። አምስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ተቀባዩ፣ የሚሰጥበት መመዘኛና የሂሳብ ሪፖርቱ ሲሠራ ቆይቶ ነው ታርጋው የመጣው። እኛ ዘንድ የሚታሰበው ቅደም ተከተል የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ታርጋው ይውጣና ገንዘቡ ሲመጣ የሚሆነውን እናያለን የሚል።

ገንዘቡ ሲመጣ የሚሆነውን ካሊፎርኒያ አሳይታለች። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ የወጣው የመታሰቢያ ታርጋ ከሽያጩ 15 በመቶው ለሟቾች ልጆችና የትዳር አጋሮች ትምህርት እንዲውል በሕግ የተጻፈ ነበር። ኋላ ግን የስቴቱ በጀት ሲጎድል መንግሥት ከታርጋው ገንዘብ ተበደረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የስቴቱ ኦዲተር የልዩ ታርጋ ፈንዶችን መርምሮ፣ መሰብሰብ የነበረበት ክፍያ ሳይሰበሰብ መቅረቱንና ከዓላማው ጋር ያለው ግንኙነት አጠራጣሪ የሆነ ወጪ መኖሩን ዘገበ። ጠንካራ ኦዲት ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ እኛ ቀድመን መጠንቀቅ አለብን።

በእኛ የመንግሥት ሂሳብ አሠራር በመሥሪያ ቤት ደረሰኝ የተሰበሰበ ብር ወደ ግምጃ ቤት ገቢ ይሆናል። እዚያ ከገባ በኋላ «ይህ የጣና ነው» የሚል ምልክት የለውም። ሁለተኛው እንቅፋት ሰኔ 30 ነው። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ሐይቁን የወረረውን የእምቦጭ አረም የማስወገድ ሥራ ደግሞ የሚበዛው ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ መሸሽ ሲጀምር፣ ከጥቅምት ወዲህ ነው። በዓመቱ የተሰበሰበው ሰኔ ላይ ተመልሶ ቢገባ፣ አዲሱ በጀት ጸድቆ፣ ግዥው ተፈጽሞ፣ ሠራተኛ ተቀጥሮ እስኪወጣ ጥቅምትና ኅዳር ያልፋሉ። ስለዚህ በክልሉ ምክር ቤት በሕግ የቆመ፣ የራሱ የባንክ ሂሳብ ያለው፣ የተረፈውን ወደሚቀጥለው ዓመት ማሻገር የሚችል ፈንድ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 ሲቋቋም ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደህንነት እንዲውል ታስቦ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። የምናነሳቸው ቁጥሮች ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ የማንም ተመን አይደሉም። ዓመታዊ ጭማሪው 1,500 ብር ይሁን። ታርጋውን ለማምረት ከመደበኛው በላይ 900 ብር ይፍጀው፤ ለአስተዳደር በየዓመቱ 150 ብር ይቀነስ። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ታርጋ ለሐይቁ የሚተርፈው 450 ብር ብቻ ነው። 1,000 ሰው ቢገዛ 450,000 ብር። በሁለተኛው ዓመት የማምረቻ ወጪ የለም፤ ከሚያድሰው ሰው ሁሉ 1,350 ብር ይተርፋል። ከ1,000ው 300 ሰው ቢተው እንኳ የቀሩት 700 ሰዎች 945,000 ብር ያስገባሉ። ሦስት መቶ ሰው ጠፍቶ ገቢው ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ፈንዱን የሚያቆመው የሚያድሰው ሰው ነው፤ ድካሙና ወጪው ሁሉ በምረቃው ቀን ላይ ማለቅ የለበትም።

አሁን ቋሚ ወጪ እንጨምርበት፤ ንድፉ፣ የማተሚያው ቅርጽ፣ የመዝገብ ሶፍትዌሩ ማሻሻያ። ይህ 400,000 ብር ቢሆንና ገዢው 100 ሰው ብቻ ቢሆን፣ ከሽያጩ የሚተርፈው 45,000 ብር ነው፤ ጉድለቱን የሚሸፍነው ያው ግብር ከፋይ ነው። ቨርጂኒያ ከመጀመሪያዎቹ 1,000 ታርጋዎች ለዓላማው የማታካፍለውና ካሊፎርኒያ አዲስ ታርጋ ለመጀመር 7,500 አመልካች የምትጠይቀው ለዚህ ነው። እኛም ቁጥሩ እንደ አቅማችን ሆኖ፣ ገንዘባቸውን አስቀድመው በዝግ ሂሳብ ያስገቡ አመልካቾች ሳይሟሉ ምርት መጀመር የለበትም። በተቀመጠው ጊዜ ካልሞላ ገንዘቡ ለባለቤቱ ይመለስ። «እገዛለሁ» ብሎ መፈረም አይበቃም፤ ፊርማ ብር አይሆንም።

ለጨረታ የሚቀርቡ ብርቅ ቁጥሮችን የሚያነሱም አሉ። ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2023 «ፒ 7» የተባለውን ታርጋ በ55 ሚሊዮን ድርሃም ሸጣ ገንዘቡን ለምግብ እርዳታ አውላለች። መልካም ነው፤ ግን አንድ ቁጥር የሚሸጠው አንዴ ነው። የእምቦጭ ፍሬ በደለል ውስጥ ተቀብሮ 20 ዓመት ገደማ ሊቆይና ሊበቅል ይችላል፤ ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ ደግሞ አረሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። አንዴ በዘመቻ ተነቅሎ ከዚያ ለሁለት ዓመት የሚረሳ ዳርቻ ተመልሶ ይሸፈናል። ጣና የሚፈልገው በየዓመቱ የማይቋረጥ መጠነኛ ገንዘብ ነው፤ የታርጋ ጭማሪ ከሌላው መዋጮ የሚበልጠውም በዚህ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ እውነት መነገር አለበት። የታርጋ ዓይነትና መለያ የሚወሰነው በፌዴራል ደረጃ ነው፤ የክልሉ ቢሮ ብቻውን አዲስ ታርጋ ላትም ቢል አይችልም። ፈቃድ እስኪገኝ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አያስፈልግም። ሚሺጋን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለፓርኮቿ የምትሰበስበው ምዝገባ በሚታደስበት ጊዜ ባለመኪናው በሚመርጠው ተጨማሪ ክፍያ ነው፤ የከፈለ ሰው ታርጋው ላይ በሚለጠፈው የዓመቱ ምልክት ላይ አንዲት ፊደል ትታተምለታለች። በእኛ አገር ለዚህ የሚመቸው ቦሎ ነው። ባለንብረቱ ሊብሬውን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑንና የምርመራ ውጤቱን ይዞ በዓመት አንዴ ይመጣል። በቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ ለጣና ይህን ያህል ብር ጨምሬ እከፍላለሁ የሚል፣ ምልክት ማድረጊያ ሣጥን ያለው። ባዶ ከተተወ አልከፍልም ማለት ነው። ጥያቄውን ቅጹ ይጠይቅ፤ መስኮት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ በአፉ አይጠይቅ። ቦሎ የሚሰጥ ሰው «ለጣና አትከፍልም ወይ?» ካለ ነገሩ በውዴታ ስም ግዴታ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሰዉ መዋጮውን እንደ ቅጣት ያየዋል።

ለከፈለ ሰው የሚሰጠው ከቦሎው አጠገብ የሚለጠፍ ትንሽ ምልክት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ጎልቶ ይታተምበት፣ ቀለሙ በየዓመቱ ይለወጥ፣ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፣ ከሹፌሩ እይታ ውጭ ባለው የመስታወት ጥግ ይለጠፍ። ተከታታይ ቁጥሩ ለጌጥ አይደለም። የታተመው ብዛት፣ መጋዘን የቀረውና በደረሰኝ የወጣው በየወሩ መጨረሻ መመሳከር አለበት። የተበላሸ ምልክት ተሰርዞ ከደረሰኙ ጉርድ ጋር ይያያዛል እንጂ አይጣልም። ለመዋጮው የሚቆረጠው ደረሰኝም ከቦሎው ክፍያ የተለየ ይሁን፤ በአንድ ደረሰኝ ከተደመረ ወር ሳይሞላ የማን የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። የመንግሥት መኪኖች አይካተቱ፤ ከአንዱ የመንግሥት ኪስ ወደ ሌላው የሚዛወር በጀት መዋጮ አይባልም። ባጃጅና ሞተር ሳይክል ግን ከመጀመሪያው ይግቡ፣ በዝቅተኛ ተመን። ባሕር ዳር የባጃጅ ከተማ ናት፤ የአሽከርካሪውም እንጀራ ሐይቁን ሊያይ ከሚመጣው እንግዳ ጋር የተያያዘ ነው።

ታርጋው ራሱ ሲፈቀድ ሥዕሉ በግራ ጥግ ባለች አራት ማዕዘን ውስጥ ይወሰን። ከቁጥሮቹ ጀርባ የተነጠፈ ሐይቅና ሰማይ በፎቶ ያምራል፤ በማታ በጎንደር መንገድ ላይ በመብራት ሲታይ ግን ቁጥሩን ይበላዋል፣ ካሜራም ያሳስታል።

ስለ ወጪው አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፤ የሚከፈለው በሚለካ ሥራ መሆን አለበት። «ይህን ያህል ሄክታር ጸዳ» የሚለው ሪፖርት በጣና ላይ አያስተማምንም። ነፋስ የአረሙን ምንጣፍ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይገፋዋል፤ ትናንት የደንቢያ የነበረው ነገ ወደ ጎንደር ዙሪያ ሊሻገር ይችላል። ያልተነካ ዳር የጸዳ ይመስላል፤ ሲለፋበት የከረመ ዳርም በአንድ ሌሊት ይሸፈናል። የማይንቀሳቀሰው ወጥቶ የተከመረው አረም ነው። ክምሩ በችካል ተወስኖ፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው በሜትር ተለክቶ፣ በወጣበት ዕለት ይመዝገብ። እርጥቡ አረም ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ከቀናት በኋላ ይከሳል፤ ዘግይቶ የሚለካው ሰው የሠራተኛውን ድካም ያጎድልበታል።

የሚከመርበት ቦታም ወሳኝ ነው። ሐይቁ ሲሸሽ ባዶ የሚቀረው ዳርቻ ለመከመር ይመቻል፤ በክረምት ግን ውሃው እስከዚያው ይመለሳል። በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ ሜዳማ ዳርቻዎች ይህ ርቀት ረጅም ነው። ከክረምቱ የውሃ ልክ በታች የተከመረ አረም ጎርፉ ሲያነሳው ያልደረቀው ሥር እንደገና ይበቅላል፤ ፍሬውም ተመልሶ ሐይቅ ይገባል፤ ያን ጊዜ የተከፈለበት ሥራ እንደገና ይከፈልበታል። ስለዚህ ክፍያው ከጎርፉ መስመር በላይ ለደረሰ ሜትር ኩብ ብቻ ይሁን፤ የማጓጓዣው ዋጋም በውሉ ውስጥ ለብቻው ይጻፍ። ለነቀላ ብቻ ከተከፈለ ሠራተኛው የሚጥለው በቅርቡ ነው፤ በእርሱ አይፈረድም።

የአስተዳደር ወጪው ጣሪያም በፈንዱ ሕግ ላይ ይስፈር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከ20 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳያወጡ ተወስኗል። መንግሥት የሚያቋቁመው ፈንድ ከዚህ የላላ ሊሆን አይገባም። ለመኪና፣ ለአበልና ለስብሰባ የሚወጣው ሁሉ በዚያ ጣሪያ ውስጥ ይቆጠር።

ለሚመለከታቸው የክልሉ ቢሮዎች ያለን ጥያቄ ስለ ንድፍ ውድድር አይደለም። የፈንዱ ረቂቅ ሕግ ተጀምሯል ወይ? ከበጀት ዓመት በጀት ዓመት የሚሻገር ሂሳብ ይፈቀዳል ወይ? ለእነዚህ መልስ እስኪገኝ ከሕዝብ ምንም ገንዘብ አይሰብሰብ። መልሱ ተገኝቶ ሥራው ሲጀመር ደግሞ ጋዜጣችሁ አንድ ጥግ እንዲሰጠን እንጠይቃለን፤ በየሦስት ወሩ አራት ቁጥሮች ብቻ የሚታተሙበት። ስንት ሰው አዲስ ከፈለ፣ ካለፈው ዓመት ስንቱ አደሰ፣ ስንት ብር በሂሳቡ አለ፣ ስንት ሜትር ኩብ አረም ከጎርፍ መስመር በላይ ወጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
በተሽከርካሪ ምዝገባና በሂሳብ ሥራ ላይ የተሰማራን አንባቢዎቻችሁ
ባሕር ዳር