ያኔ ለተቆጣኋችሁም ጭምር

በጎንደር፣ አዘዞ ለምትኖሩ ጎረቤቶቼ፣ ለመምህራን ባልደረቦቼና ለእድራችን አባላት፤ እንደምን ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለጭንቅላት ቀዶ ሕክምናው የተላጨው ፀጉሬም በቅሏል፤ አሁን ሻሽ የማስረው ለወጉ ነው።

ነገሩ የጀመረው በቡና ነው። ቡናው ምጣድ ላይ ከሰል ሆኖ ቤቱ በጭስ ሲሞላ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። ምንም አልሸተተኝም። በሩን በርግዳ ገብታ ያወረደችው ጎረቤቴ ናት። ጉንፋን ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት መጣ። አንዱ ክሊኒክ ሳይነስ ነው አለኝ፣ ሌላው መነጽር አዘዘልኝ። ሁለት ዓመት እንዲሁ ሄደ።

ከሁሉ የከፋው ጠባዬ ነበር። ጨዋታ ወዳዷ ሴት ዝም አልኩ። አፌን ስከፍት ደግሞ ስድብ ነው። ለቅሶ ቀረሁ፣ ሰው አስቀየምኩ። ቡዳ ነው ያላችሁም ነበራችሁ፤ አልቀየምም፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር። በመጨረሻ ተማሪዎቼ ፊት አንቀጠቀጠኝና ወደቅኩ።

ኤምአርአዩ፣ ማለትም የጭንቅላቴን ውስጥ በምስል የሚያሳየው ምርመራ፣ ከአፍንጫዬ በላይ፣ ከግንባሬ ጀርባ የብርቱካን ያህል እጢ አሳየ። ሜኒንጂዮማ ይባላል። የሚነሳው አንጎልን ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ በዝግታ ያድጋል፣ ሴቶች ላይ ይበዛል። ግን የራስ ቅል ውስጥ ትርፍ ቦታ የለም። መጀመሪያ የማሽተቻ ነርቮቼን፣ ከዚያ ጠባይን የሚገዛውን የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ተጫነው። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ አለቀስኩ። ፈርቼ አይደለም። ለካ ክፉ ሴት አልሆንኩም!

አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለ8 ሰዓት ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁልኝ ሐኪሞችና ነርሶች፣ እጃችሁ ይባረክ። ፊቴ አብጦ ዓይኔ ሳይገለጥ፣ የት እንዳለሁ ሳላውቅ ቀናት አለፉ። እህቴ ወለል ላይ ካርቶን አንጥፋ ከጎኔ አልተለየችም። እጢው ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ የላቦራቶሪ ምርመራውም ካንሰር አይደለም አለ። ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል በየጊዜው ኤምአርአይ እነሳለሁ። የሚጥል በሽታ ክኒኑንም ገና አላቆምኩም። ራስ ምታቱ ጠፍቷል። ጠባዬን ልጄን ጠይቋት።

ደም ለለገሳችሁልኝ፣ ክፍለ ጊዜዬን ለሸፈናችሁልኝ፣ ውለታችሁን እንዴት ልክፈል? የእድራችን ዳኛማ፣ «ለሞተ ነው የምንከፍለው» ሲባሉ፣ «ሳትሞት ብንሰጣትስ?» አሉ አሉ። እርስዎን እኮ ደጃፌ ላይ ሰድቤዎት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ማሽተቴ አልተመለሰም። ሐኪሞቹም አስቀድመው ነግረውኛል። ቡና የምቆላው ቀለሙን እያየሁ ነው፤ ጎረቤቴ ግን ስለማታምነኝ ከግቢዋ ሆና «ደርሷል፣ አውርጂው!» ትላለች።

ህዳር 6 ለቁስቋም ቤቴ ዝክር አለ። ሁላችሁም ኑልኝ። ቡናውን ሌላ ሰው ይቆላዋል።