የኬጂ ልጆች ቦሎቄ ይቁጠሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በብዙ መዋዕለ ሕፃናት ስለ ዕፅዋት የሚሰጠው ትምህርት «ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል» እያሉ ከማሸምደድ አያልፍም። እኛ አዳማዎች ግን አፍንጫችን ሥር መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ አዋሽ 1 እና አዋሽ መልካ የተባሉት የቦሎቄ ዝርያዎች የወጡት ከዚያ ነው። ተመራማሪዎቹ የሚሠሩትን የአምስት ዓመት ልጅም በእጁ ሊሞክረው ይችላል።

ሦስት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከወገባቸው ቆርጦ ጠርዛቸውን በፕላስተር መሸፈን ነው። በሁለቱ ውስጥ ሶፍት ዙሪያውን ይለበድና በሶፍቱና በፕላስቲኩ መካከል 10 10 ቦሎቄ ይግባ፤ ሥሩ ሲወጣ ከውጭ ይታያል። የአንዱ ሶፍት ይርጠብ፣ የሌላው ደረቅ ይሁን። ሦስተኛው ውስጥ 10 ፍሬ ውሃ ውስጥ ይስጠም። ልጆች ቀድሞ ይበቅላል የሚሉት ይሄንኛውን ነው። ዘር ግን ይተነፍሳል፤ ውሃው አየር ስለሚያሳጣው አብዛኛው አብጦ ይበሰብሳል፣ ይሸታል። ሽታውንም ያሽትቱት።

ነገሩ የሚበላሸው መምህራን ያማረ ያማረውን ፍሬ ለቅመው ሲሰጡ ነው። የዘር ላቦራቶሪ ከንጹሑ ዘር ሳያማርጥ 400 ፍሬ ወስዶ፣ ቦሎቄ ከሆነ በ5ኛውና በ9ኛው ቀን የበቀለውን ይቆጥራል። ልጆቹም ዓይናቸውን ጨፍነው ይውሰዱ። ልጁ እንዳይከፋው ተብሎ ያልበቀለውን በበቀለ መተካት ደግሞ ጭራሽ መደረግ የለበትም። ከ10 ሰባት ከበቀለ፣ መልሱ ሰባት ነው።

ረቡዕ ተጀምሮ ከሐሙስ ቢቆጠር 5ኛው ቀን ሰኞ፣ 9ኛው ዓርብ ይውላል። ቅዳሜና እሑድ የአዳማ ሙቀት ሶፍቱን ስለሚያደርቀው በመጀመሪያው ዓርብ አርጥቦ አፉን በተበሳ ፌስታል መሸፈን፣ ፀሐይ ከሚመታው መስኮትም ማራቅ ያስፈልጋል። ቁጥር ያልለመደ ልጅ በሥሩ ልክ ክር ቆርጦ ወረቀት ላይ ይለጥፍ፤ ክሮቹ ተደርድረው ሲታዩ ግራፍ ናቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ ሲፈልጉ፣ የማሽላው ሥር የአቀንጭራን ዘር እንዲበቅል ይቀሰቅስ እንደሆነ በግልጽ ሳህን ላይ አይተው ይለዩ ነበር።

ቦሎቄው ለምግብ የሚሸጠው ይሁን፤ ለዘር የተዘጋጀውና ቀለም ያለው መድኃኒት የተቀባ ሊሆን ይችላል። ጥሬው ስለማይበላና ሕፃናት አፍንጫቸው ውስጥ ስለሚከቱት፣ ሲሰጥም ሲሰበሰብም ይቆጠር።

ከመልካሳም ሆነ ከሌላ ቦታ ተመራማሪ ሲጋበዝ ንግግሩ ይቅርና ልጆቹ አጠገብ ተቀምጦ በጠርሙሶቻቸው የበቀለውን አብሯቸው ይቁጠር።

የዘር ባለሙያዎች
ከአዳማ